ሸተተ እንጂ አልተላም

ፓስተር ሰፈር መጥታችሁ «የደሳለች ቤት የት ነው?» ብትሉ «የትኛዋ? ክደኚው?» ይሏችኋል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ሰው ቤት ስትገባ ሰላምታውን ሳትጨርስ ዓይኗ የተከፈተ ነገር ይፈልጋል። ወጡ፣ ወተቱ፣ የልጁ ቁስል፣ ምንም ይሁን ምን፣ ካገኘች «ክደኚው!» ትላለች። እኔን በገዛ ቤቴ፣ በልጆቼ ፊት ስንት ጊዜ እንደተቆጣችኝ አላህ ይወቀው። ሰዉ የንጽሕና አባዜ ይለዋል። እኔ ግን ነገሩ ሲጀመር ነበርኩ፤ ሥጋውንም የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ ልናገር።

ዘሀራ እባላለሁ። ባሌ ሸፊ ሥጋ ቤት ነበረው፤ ቤታችንና የደሳለች ቤት አንድ አጥር ይጋሩ ነበር። እኛ ከስልጤ የመጣን እስላሞች ነን፤ እነሱ ከወለጋ የመጡ ፕሮቴስታንቶች። በአጥሩ ላይ ያልተሻገረ ነገር የለም፦ ጨው፣ ከሰል፣ ወሬ፣ የታመመ ልጅ። ሥጋ ብቻ አይሻገርም። የእነሱን እኛ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም፤ በዚህም ማንም ተቀይሞ አያውቅም።

ደሳለች እዚያው ሰፈር፣ ሰው ሁሉ ፓስተር በሚለው ግቢ፣ የላቦራቶሪ ጠርሙስ አጣቢ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ስታጥብ፣ ስትቀቅል፣ አፉን በጥጥ ስትወትፍ ኖራለች። እጇ በሶዳ ተልጦ መዳፏ ላይ መስመር የሚባል አልቀረም። ሰው ሊያሾፍባት «አጣቢዋ» ሲላት «በእኔ እጅ ያላለፈ ጠርሙስ ዶክተር እጅ አይገባም» ትላለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ። ኩሩ ናት። አንዳንዴ ኩራቷ ያናድደኛል።

ባሏ ቶሎሳ ግንበኛ ነበር። በስድሳ ዘጠኝ ክረምት ሚሊሻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ በሰባ መጋቢት እያነከሰ ተመለሰ። ሐረር ታክሞ ባቱ ላይ የነበረው የጥይት ቁስል ሊሽር ሲል ነበር ወደ ቤቱ የላኩት። ጳውሎስ ሆስፒታል እየሄደ ቁስሉን እንዲያሳጥብ ወረቀት ሰጥተውታል። አልሄደም። አልጋው ላይ ተጋድሞ ግድግዳውን ያያል። በድምፅ ማጉያ ካራማራ፣ ካራማራ ይባላል፤ እሱ ግን ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል አልወጣውም።

አንድ ቀን ደሳለች አጥሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዘሀራ፣ ነይ እስቲ እይልኝ።»

ሄድኩ። ፋሻውን ስትገልጠው ቁስሉ ውስጥ ትል ይርመሰመሳል። የሥጋ ሻጭ ሚስት ነኝ፣ ትል አልፈራም፤ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ሳየው ግን ፊቴን አዞርኩ።

ያኔ ትል ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ነቀዝ ከእህሉ፣ ቅማል ከሐሳብ፣ ትል ከሥጋው ይወጣል፤ በቃ፣ አለቀ። ክርስቲያኖቹ የእስላም ሥጋ ቶሎ ይተላል ይሉ ነበር። እኛም ስለ እነሱ ሥጋ እንደዚያው እንል ነበር። እኔ ራሴ ብያለሁ፤ አሁን ብዋሽ ምን ሊጠቅመኝ?

በማግሥቱ የጸሎት ወንድሞቻቸው መጡ። ትልቃቸው አቶ ኢታና የሚባሉ ቀና ሽማግሌ ናቸው። እየጸለዩ ሳለ አንዷ ትል ከአልጋው ሰሌኑ ላይ ወደቀች። ሁሉም አዩ። ሻዩን ሳይጠጡት ወጡ። ከዚያ ወዲያ ጸሎቱ ከበር ላይ ሆነ። ከመካከላቸው አንዱ ሲወጣ፣ እግዚአብሔር የቀጣውና በትል ተበልቶ የሞተ አንድ ንጉሥ እንደነበረ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ወላሂ፣ እንግዳ ባይሆን በጥፊ ባልኩት ነበር።

ቶሎሳም ሰምቶታል። ሰምቶም አመነ። ደሳለች ውኃ አሙቃ ስትመጣ ሳፋውን በደህናው እግሩ ገፋው።

«ተይው፣ ደሲ። ከውስጤ ነው የሚፈልቀው። ከውስጥ የሚፈልቅ በውኃ አይደርቅም።»

ማታ በአጥሩ በኩል እያለቀሰች ነገሩን ነገረችኝ። ባጫ የሚባል ጓደኛው ነበር፤ የቁስቋም ልጅ፣ አብሮት ድንጋይ ሲጠርብ ያደገ። በአንድ መኪና ነው የዘመቱት። በጥር አንድ ቀን ወደ ኋላ ሽሹ ሲባል ባጫ ሆዱን ተመትቶ መንገድ ዳር ወድቋል። «ቶሎሳ፣ ውኃ!» ብሎ ጠራው። ቶሎሳ አላቆመም፤ አልፎት ሮጠ። በማግሥቱ ቦታው ተመልሶ ሲያዝ ባጫ ሞቶ ተገኘ። ቶሎሳ ራሱ የተመታው ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነው። የባጫ እናት እስከዚያ ቀን አልሰሙም፤ ወረቀትም አልመጣላቸውም።

«ምን ይለኛል መሰለሽ?» አለችኝ። «ባጫን ያለፈው ይሄ እግር ነው፣ የተላውም ይኸው እግር ነው፤ ፍርድ ነው፣ አትንኩት ይለኛል። መቅላቱ ጉልበቱ ደርሷል፣ ዘሀራ። ሳይታጠብ ከሰነበተ እግሩን ይቆርጡታል፣ ወይም...» አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም።

ሰው በክርክር ቢድን ቶሎሳ በዚያ ሳምንት በዳነ። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ይመልሳል፦ ከውስጤ ነው።

ሰኞ ሥራ ገብታ የጠርሙሶቹን አፍ በጥጥ ስትወትፍ እጇ ቆመ። ዘጠኝ ዓመት ስትወትፈው ኖራ ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ ጀርም የሚያሳድጉበት የሥጋ መረቅ እንዳይፈስ ይመስላት ነበር። የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኑን ስለሺን ጠየቀችው። ስለሺ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ይሄ ግቢ ፓስተር የተባለው በማን ይመስልሻል? በአንድ ፈረንሳዊ ነው። ከእሱ በፊት ሺህ ዓመታት ሙሉ፣ ሊቃውንት ሳይቀሩ፣ የበሰበሰ ነገር ከራሱ ሕይወት ያወጣል ይሉ ነበር። እሱ መረቅ አፈላ። ያፈላበት ጠርሙስ ሆዱ እንደ ጠጅ ብርሌ ክብ ነው፤ አንገቱ ግን ቀጭን፣ ረዥምና የተቆለመመ። አየር ይገባል፣ አቧራ ግን ጥምዝምዙ ላይ ይቀራል። መረቁ ወር ቆየ፣ ከዚያም በላይ ቆየ፤ አልተበላሸም። አንገቱን ሲሰብረው ግን በጥቂት ቀን ሻገተ። የሚያበላሸው ከውጭ የሚገባው ነው ማለት ነው። ጥጡም ለዚያ ነው።»

«ትልስ?» አለች ደሳለች።

«እሱን ከፈረንሳዊው በፊት አንድ የጣልያን ሐኪም ጨርሶታል። ሥጋ በዕቃ አደረገ፤ አንዱን ክፍት ተወው፣ አንዱን በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ክፍቱ ተላ፣ የተሸፈነው አልተላም። ትል የዝንብ ልጅ ነው፣ ደሳለች። ዝንብ እንቁላሏን ካልጣለችበት ሥጋ ትል አይወልድም።»

ደሳለች እዚያው ላይ ፎጣዋን ጣለች። ሲነግራት ብቻ እንዳመነች እንዳይመስላችሁ። እንዴት ማየት እንደምትችል ነው የያዘችው። ቶሎሳ ወሬ ሰምቶ የሚያምን ሰው አይደለም፤ ግንበኛ ነው፣ ውኃ ልክ ሳያስቀምጥ ግድግዳ ቀጥ ብሏል አይልም።

ሁዳዴ ስለነበረ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል። የሸፊ ብቻ ነው የተከፈተው። ከሰዓት በኋላ ደሳለች መጣችና ሩብ ኪሎ ሥጋ ስጪኝ አለችኝ።

«እናንተ ባትጾሙም የእኛን ሥጋ ልትበዪ ነው?» አልኳት እየሳቅኩ።

«አልበላውም። ላየው ነው» አለችና ስለሺ የነገራትን አንድ በአንድ አወራችልኝ።

ሸፊ ቢላውን አስቀመጠ። «ሃያ ዓመት ሥጋ ስሸጥ ለማየት የገዛ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» አለ፤ ግን መረቀላት።

ሥጋውን ሁለት የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከፍላ አደረገች። የአንዱን አፍ ከነጠላዋ በቀደደችው ጨርቅ አሰረች፣ ሌላውን ክፍት ተወችው። ሁለቱንም ቶሎሳ እንዲያያቸው መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። «የተሸፈነው ካልተላ እግርህን ታሳጥባለህ» አለችው። እሱ ትከሻውን ነቀነቀ።

በአራተኛው ቀን ሁለቱም ተሉ።

ቶሎሳ አልተናደደም። ፈገግ ነው ያለው። «አየሽ፣ ደሲ? ክዳንም አይመልሰውም» አላት። ያ ፈገግታ ነው ያንገበገባት። ጠርሙሶቹን ደረቷ ላይ አቅፋ እየሮጠች መጣች፣ አጥሩ ላይ ቆመችና ደንበኛ ባለበት ጮኸችብኝ።

«ሥጋችሁ ነው! የእስላም ሥጋ ቶሎ ይተላል ሲሉኝ እውነት ነው!»

እኔስ ዝም እላለሁ? እናንተ ስታዜሙበት የዋላችሁበትን ቤት ትል ቢወርሰው ምን ይገርማል አልኳት። ይህን በማለቴ እስከዛሬ አፍራለሁ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። አጥሩ ዝም አለ፤ ጨው እንኳ ቢያልቅብኝ ታች ድረስ ሄጄ ገዛሁ።

በሦስተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ ሥጋ እየፋቅኩ ነበር። ሥጋ ከሜንጦ ላይ ተሰቅሎ ሲውል ከእጥፋቱ ውስጥ ነጫጭ፣ ደቃቃ ነገር ይወጣበታል። «ሥጋው ጨው አወጣ» እንላለን፤ እናቴም እንዲህ ነበር የምትለው። በቢላ ፍቀን እንጥለዋለን። ያን ዕለት ንዴቴ ገና አልወጣልኝም፣ እና ነገር ፈለግኩ። ጨውን ፍቄ ላሳያት፣ ንጹሕ ጨው መሆኑን ስታይ ታፍራለች አልኩ። ፋቅኩና ከትንሽ ሥጋ ጋር የሻይ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ፣ በላዩ ብርጭቆ ደፋሁበት። ሸፊ ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ ብርጭቆውን ሳነሳ ጨው የለም። በጨው ቦታ ፀጉር የሚያካክሉ ትሎች እየተንፏቀቁ ሥጋውን ይዘውታል።

ቆሜ ቀረሁ። በእናቴ፣ በአያቴ፣ በእኔ እጅ ስንት ዓመት ያለፈ ጨው! ቀና ብዬ የተሰቀለውን ሥጋ አየሁ። ዝንብ ወርሮታል፤ ሁልጊዜም ይወረዋል። አንዷ እጥፋቱ ውስጥ ገብታ ቂጧን ደገፍ አድርጋ ቆማለች። ጠበቅኳት። ስትነሳ ጨዋን ትታ ሄደች።

በአጥሩ በኩል አልጠራኋትም፤ በዋናው በር ዞሬ ሮጥኩ። «ደሳለች!» አልኳት፣ «ሥጋው ካንቺ ጋር ሲመጣ እንቁላሉን ይዞ ነው የመጣው! ጠዋት ሙሉ ተሰቅሎ የዋለ ሥጋ ነው የሸጥኩልሽ! ከመሸፈንሽ በፊት ተጥሎበታል!» አቀፈችኝ። ይቅርታ መጠያየቁ ቀረ፤ ጊዜም አልነበረን። የቶሎሳ እግር ከጉልበቱ በላይ መቅላት ጀምሯል።

በማግሥቱ ማለዳ ከሸፊ ጋር ሸጎሌ የበግ ገበያ ሄድን። ሸፊ በግ ገዝቶ «ቢስሚላህ» ብሎ አረደ። ደሳለች ጠርሙሶቹን ልክ እንደ ላቦራቶሪው ቀቅላ፣ ጨርቁንም ቀቅላ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ሸፊ ከአንድ ታፋ ሁለት ቁራጭ ቆረጠ። ቆዳው ገና ተገፎ ሳያልቅ፣ ዝንብ ሳያየው፣ አንዱን ጠርሙስ ውስጥ ከታ አፉን በድርብ ጨርቅ አሰረችው። ሁለተኛውን ክፍት ይዛው ወጣች። የሸጎሌ ነጋዴዎች ቆመው ያዩናል። አንዱ «ምን ዓይነት ስለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጠርሙሶቹ መስኮቱ ላይ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ግን ደሳለች አንድ ነገር ጨመረች። «እኔ ሥራ ነው የምውለው» አለችው ቶሎሳን። «አንተ ጠብቅልኝ። የምታየውን ማታ ንገረኝ።»

ሥራ ሰጠችው እኮ። ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የከረመ ሰው የሚያየው ነገር አገኘ። በመጀመሪያው ማታ «ዝንቦቹ ጨርቁ ላይ ይመላለሳሉ፣ መግቢያ ያጣሉ» አላት። በሁለተኛው «ክፍቱ ላይ አንዷ ጥላ ስትሄድ አየሁ» አላት፤ ድምፁ ተቀይሯል። በሦስተኛው ቀን ክፍቱ ይርመሰመስ ነበር። በአምስተኛው ቀን የተሸፈነው ጠቆረ፤ ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጣ። ቶሎሳ ጠርሙሱን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው፣ አዟዟረው፣ ከሥር አየው።

«ሸተተ እንጂ አልተላም» አለ።

ደሳለች አፏን በእጇ ያዘች። እኔ እልል ልል ስል ግን ቶሎሳ ጠርሙሱን አስቀመጠና «ይሄ የበግ ሥጋ ነው። በግ ኃጢአት የለውም» አለን።

እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ደሳለች አልቆረጠችም። አጠገቡ ተንበረከከች።

«እሺ። እንግዲያው ያንተን እንፈትን። አጥቤ በተቀቀለ ፋሻ እጠቀልልሃለሁ። ከውስጥህ የሚፈልቅ ከሆነ ከጨርቁ ሥር ይወጣል፤ ጨርቅ የሚከለክለው ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ነው። በየቀኑ እየፈታሁ እየቀቀልኩ አስርልሃለሁ። በአራተኛው ቀን አንዲት ትል ብትገኝ ሁለተኛ አልነካህም። አቶ ኢታና ራሳቸው መጥተው ይፍቱት።»

ቶሎሳ ረዥም ጊዜ ጠርሙሱን አየ። ከዚያ እግሩን ዘረጋላት።

ጨው በበተነችበት፣ አፍልታ ባበረደችው ውኃ አጠበችው። ትሎቹን አንድ በአንድ ለቀመች። እያጠበች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትቆጣዋለች። እነዚያ አራት ቀናት ለእኔም ረዘሙብኝ። ሸፊ ሳይቀር ከሥጋ ቤቱ እየወጣ «እንዴት ሆነ?» ይል ነበር።

በአራተኛው ቀን አቶ ኢታና መጡ። በሩ ላይ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ፋሻውን ዙር በዙር ፈቱት። የመጨረሻው ዙር ሲገለጥ ሁላችንም ጎንበስ አልን።

ቁስሉ ቀይ ነው። ጥርት ያለ ቀይ። አንዲትም ትል የለችበት።

አቶ ኢታና መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድም ቶሎሳ፣ ከበር ላይ በመጸለዬ ይቅር በለኝ» አሉት። ቶሎሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ማን ይከለክለኛል?

በዚያው ቀን ጳውሎስ ሄደ። ቁስል አጣቢው ነርስ አገላብጦ አየውና፣ ትሎቹ የበሉት የበሰበሰውን ብቻ ነው፣ ደህናውን አልነኩትም፣ መርፌውን ግን ቶሎ ጀምር አለው። እግሩ ተረፈ። ያነክሳል እንጂ እስከዛሬ መሰላል ይወጣል።

ቶሎሳ ግን አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። አንድ ጠዋት ፋሻው እየታሰረለት «ትሉ ከውጭ ነው የመጣው፣ አይቻለሁ» አላት። «ባጫ ግን ከውስጤ አልወጣም፣ ደሲ። እሱን ጨርቅ አይከለክለውም።» በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷም አልተከራከረችውም። «እንሂድ» ብቻ አለችው።

ከፋሲካ በኋላ፣ መርዶ በሚነገርበት ማለዳ፣ አቶ ኢታናን አስቀድመን ወደ ቁስቋም ወጣን። ቶሎሳ በምርኩዝ ነው። የባጫ እናት ወይዘሮ ሠርካዲስ በራቸውን ከፍተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ሲያዩ ገባቸው፤ ብድግ አሉ። አቶ ኢታና ሊናገሩ ሲሉ ቶሎሳ እጁን አነሳ።

«እኔ ልንገራቸው።»

ሁሉንም ነገራቸው። ሽሹ መባሉን፣ ባጫ ውኃ መለመኑን፣ እሱ አልፎት መሮጡን። ምንም አልሸፈነም። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ቆመው ሰሙት።

«ስምህን ጠርቶ ነው የለመነህ?» አሉት።

«ስሜን ጠርቶ፣ እማማ።»

«እንዲያ ከሆነ የሚያውቀው ሰው አይቶ ነው የሞተው» አሉ። ከዚያ ጮኹ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ከጥር ጀምሮ ልጄ ሌሊት ቢመጣ ብለው በራቸውን ሳይቆልፉ ነበር የሚያድሩት፤ ይህን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ለቅሶው ሲበርድ ቶሎሳ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እግሩን ዘርግቶ። በዳገቱ ፋሻው ተፈትቶ ቁስሉ ጫፉ ታይቷል። ወይዘሮ ሠርካዲስ ዓይናቸውን ጠርገው ወደዚያ አዩ። ስለ ጠርሙሱም፣ ስለ ፈረንሳዊውም፣ ስለ በጉም የነገራቸው ሰው የለም። ከራሳቸው ላይ ነጠላቸውን አወረዱና ለደሳለች ዘረጉላት።

«ክደኚው፣ ልጄ» አሏት። «ዝንብ ያርፍበታል።»

ደሳለች ነጠላውን ተቀብላ ከደነችው። ቃሉን ያመጣችው ከዚያ ነው።